ቅዱስ ባስልዮስና የእንግዶች ከተማ

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በቤተ ክርስቲያናችን ዘንድ ስሙ የተሰወረ አይደለም። በስሙ የተሰየመው ቅዳሴ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ሆኖ ይቀደስበታል፤ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ያስተማረው ቃልም በሃይማኖተ አበው መጽሐፍ ውስጥ ይነበባል። ነገር ግን ይህ ታላቅ ሊቅ ሃይማኖቱን በብርዕ እንደ ጻፈ ሁሉ በድንጋይና በእንጨትም እንደ ሠራት፥ ይኸውም ለእንግዶች፥ ለድኾችና ለሕሙማን መጠጊያ የሚሆን አንድ ከተማ የሚያህል ቤት እንዳቆመ ብዙ ጊዜ ሲነገር አንሰማም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ ከዚህ ወገን ልንመለከተው ወደናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ በደጅ ሲቆም፥ ባለቤቱ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን አጥቦ፥ ያለውን አቅርቦ፥ መደብ ለቆ ያሳድረዋል። ይህም በመምሬ ዛፍ አጠገብ እንግዶችን ከተቀበለው ከአባታችን ከአብርሃም የተማርነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄደውን እንግዳ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ጠፍቶበት፥ ልጆቹን አዝሎ፥ መቼ እንደሚመለስ ሳያውቅ የሚመጣውን ስደተኛ መቀበል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሲነጋ መርቆ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ግን ነገም ይርበዋል፥ ከነገ ወዲያም ይታረዛል። በመጀመሪያው ሌሊት በደስታ የተከፈተው በር በሠላሳኛው ቀን እንዳይዘጋ ክርስቲያን ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ዛሬ በየአጥቢያችን በራፍ ላይ የቆመ ጥያቄ ነው። የቅዱስ ባስልዮስ ሕይወት ግን ጥያቄው አዲስ እንዳይደለ፥ መልስም ያላገኘ እንዳይደለ ያስረዳናል።

ቅዱስ ባስልዮስ በ330 ዓ.ም. ገደማ በታናሽ እስያ በቀጰዶቅያ አገር ከባለጠጎችና ከደጋጎች ወገን ተወለደ። የአባቱም ስም ባስልዮስ ነበር፤ እናቱ ኤሚልያ ትባል ነበር። ታላቅ እኅቱ ማቅሪና፥ ወንድሞቹ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና ጴጥሮስ ሁሉም በቅድስና የታወቁ ናቸው። ይህ ቤት የተድላ ቤት ብቻ አልነበረም፤ የስደትም ትዝታ ያለበት ቤት ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክርስቲያኖች በመክሲሚኖስ ዘመን ሲሳደዱ፥ የአባቱ እናት ማቅሪና ከባልዋና ከጥቂት አገልጋዮች ጋር ሀብትዋን ሁሉ ትታ ወደ ጳንጦስ ተራሮች ሸሽታ ነበር። እነዚያ የለመዱት ሁሉ የተሟላላቸው ሰዎች ብርድና ዝናም እየወረደባቸው፥ በዱር አውሬ ሥጋ እየተመገቡ፥ ሰባት ዓመት ያህል በጫካ ኖሩ። የእናቱ አባት ደግሞ በዚያው መከራ ሕይወቱንም ንብረቱንም አጥቷል።

ሕፃኑ ባስልዮስ ያደገው በዚህች ከስደት በተመለሰች አሮጊት እጅ ነው። የመጀመሪያውን የሃይማኖት ትምህርት የሰማው ከእርስዋ እንደ ነበረ እርሱ ራሱ በኋላ ዘመን መስክሯል። አያቱ በጫካ ያደረች ሰው መጠጊያ የማጣትን መራራነት ከመጽሐፍ ብቻ አይማረውም፤ ከምድጃ ዳር ከሚነገረው የቤተሰቡ ታሪክ ጋር ይጠጣዋል። እግዚአብሔር እስራኤልን በግብፅ ምድር መጻተኞች እንደ ነበሩ ደጋግሞ ያሳሰባቸው፥ ይህን እያሰቡ መጻተኛውን እንዲወድዱ ነው። በዚህ ቤት ያለፈው መከራ ተረት ሆኖ አልቀረም፤ የርኅራኄ ዘር ሆኖ በልጅ ልጅ ልብ በቀለ እንጂ።

ባስልዮስ በቂሣርያ፥ ቀጥሎም በቍስጥንጥንያ ተምሮ፥ ከዚያ የጥበብ ሁሉ መዲና ወደምትባለው ወደ አቴና ሄደ። በዚያም እርሱ ራሱ እንግዳ ሆነ። በአቴና ተማሪዎች ዘንድ አዲስ የመጣውን ተማሪ ከብበው የማሸማቀቅና በጩኸት እያንገላቱ ወደ መታጠቢያ ቤት የመውሰድ ክፉ ልማድ ነበር። ቀድሞት የደረሰው የአገሩ ሰው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ግን ባልንጀሮቹን ለምኖ ከዚህ መዋረድ አዳነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም እስከ ሞት ድረስ የጸናው የሁለቱ ቅዱሳን ወዳጅነት ሥር የሰደደው አንዱ ሌላውን በባዕድ አገር ከመሸማቀቅ ባዳነበት በዚያ ቀን ነው። በዚያች ከተማ ብዙ መንገዶች ሳሉ እነርሱ የሚያውቁት ሁለቱን ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው ወደ መምህራኑ ቤት የሚወስደውን። በ355 ዓ.ም. በኋላ ከሃዲ የሆነው ንጉሥ ዩልያኖስ በአቴና ተማሪ ሆኖ በነበረ ጊዜ በዚያው ነበሩ።

ባስልዮስ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሲመለስ በንግግር ችሎታው የተመካ ወጣት ነበር። እኅቱ ማቅሪና ግን ይህን ኵራቱን አይታ ገሠጸችው፤ ወደ ትሕትናም መንገድ መለሰችው። በዚሁ ወራት ሁለተኛው የቤቱ ልጅ ናውቅራጥዮስ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በብሕትውና ተቀምጦ ነበር፤ ሥራውም ድኾችና በሽተኞች የሆኑ ሽማግሌዎችን በእጁ እያደነ መመገብ ነበር። በ357 ዓ.ም. ገደማ ለእነዚያ ሽማግሌዎች ምግብ ሊፈልግ በወጣበት በድንገት ሞተ። እንግዲህ በዚህ ቤት ከባስልዮስ በፊት ስለ ድኾች ማዕድ ሕይወቱን የሰጠ ወንድም ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ባስልዮስ በግብፅ፥ በፍልስጥኤም፥ በሶርያና በመስጴጦምያ እየተዘዋወረ የመነኮሳትን ኑሮ ተመለከተ። በዚያ ጕዞ በማያውቃቸው አባቶች በዓት እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ፤ ጾማቸውን፥ ትዕግሥታቸውንና በዚህ ዓለም እንደ መጻተኛ መኖራቸውን አደነቀ። ሲመለስም ተጠምቆ፥ የርስቱን ዋጋ ለድኾች አከፋፍሎ፥ በጳንጦስ በኢሪስ ወንዝ ዳር መነነ። ከጊዜ በኋላ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ከብቸኝነት ይልቅ የማኅበርን ኑሮ አብልጦ አመሰገነ፤ ምክንያቱም ብቻውን የሚኖር ሰው ጌታ በኀሙስ ምሽት ያስተማረውን ትሕትና የማንን እግር አጥቦ ይፈጽመዋል የሚል ነበር። ስለ እንግዳም በዚሁ ሥርዓት ሲደነግግ፥ ባለጠጋ እንግዳ በመጣ ጊዜ ገዳሙ ማዕዱን እንዳያሳምር፥ ያን ዕለት ያለውን ምግብ ለሁሉ እኩል እንዲያቀርብ አዘዘ። ለታላቅ ሰው ተጨንቆ፥ ለድኻ ግን ፍርፋሪ የሚያቀርብ ገበታ እንግዳን ሳይሆን ክብሩን እንደ ተቀበለ ያውቅ ነበርና።

ባስልዮስ ቅስናን ተቀብሎ በቂሣርያ ሲያገለግል በ368 እና በ369 ዓ.ም. ጽኑ ረኃብ ሆነ። ክረምቱ ያለ በረዶ፥ ጸደዩ ያለ ዝናም አለፈ፤ ምድሪቱም ደርቃ ተሰነጠቀች። ቀጰዶቅያ ከባሕር የራቀ ደጋ ስለ ነበረ እህል በመርከብ ሊመጣለት አልቻለም። ከረኃቡም ይልቅ የከፋው የሰው ልብ ነበር፤ ጎተራቸው የሞላ ባለጠጎች ዋጋው እስኪወደድ ድረስ እህሉን ዘግተውበት ነበር። በዚያ ጊዜ ባስልዮስ በመድረክ ላይ ቆሞ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ አንሥቶ አስተማረ። ከልጆቹ አንዱን ሸጦ ሌሎቹን ሊያድን የተገደደውን አባት ጭንቀት እየገለጸ፥ ከዚህ ሰው መከራ ትርፍ ለማግኘት የሚጠባበቀውን ነጋዴ ገሠጸ። በቤት የተከማቸው ትርፍ እንጀራና በሣጥን የተቈለፈው ልብስ የተራበውና የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን፥ የሚከለክልም የሌላውን ገንዘብ እንደ ያዘ እንደሚቈጠር ነገራቸው።

ነገር ግን ባስልዮስ በመናገር ብቻ አላቆመም። አስቀድሞ ራሱ ከወላጆቹ የቀረለትን አወጣ፤ ባለጠጎቹም ጎተራቸውን እንዲከፍቱ አደረገ። የተራቡትን ወንዱንና ሴቱን፥ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ባንድ ቦታ ሰበሰበ፤ በታላላቅ ጋን የጥራጥሬ ሾርባ አስቀቀለ፤ ማደግደጊያ ታጥቆ ከረዳቶቹ ጋር እግራቸውን እያጠበ መገባቸው። በአቴና ጥበብ የሠለጠነው ያ እጅ ጭልፋ ያዘ። እዚህ ላይ የምናስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ሾርባ ብቻ ቢሰጣቸው ሥጋቸውን ባዳነ ነበር፤ እግራቸውን በማጠቡ ግን ረኃብ የገፈፈውን የሰውነት ክብራቸውን መለሰላቸው።

በ370 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሱ አውሳብዮስ ባረፈ ጊዜ ባስልዮስ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። ረኃቡ ያስተማረውም ነገር ነበር፤ መከራ ሲመጣ ብቻ የሚፈላ ጋን እንደማይበቃ ተረድቶ ነበር። ስለዚህ ከከተማው ቅጥር ውጭ ታላቅ ሥራ ጀመረ። በዚያ ለእግዚአብሔር ቤት፥ ለአገልጋዮች ማደሪያ፥ ለመንገደኞች የእንግዳ ማረፊያ፥ ለሕሙማን መታከሚያ ቤት፥ ለድኾች መጦሪያ ሠራ። ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አቆመ፤ ለመንገደኛው የሚጫን ከብትና መንገድ የሚመራ ሰው አዘጋጀ፤ ለኑሮ የሚያስፈልገው የእጅ ሥራ ሁሉ የሚሠራባቸውንም ቤቶች ጨመረ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ስፍራ አዲስ ከተማ ብሎ ጠርቶታል፤ ዓለም ከሚያደንቃቸው ታላላቅ ሕንፃዎችም ሁሉ አብልጦታል። ሕዝቡ ደግሞ በሠራው በቅዱሱ ስም ባስልያስ ብሎ ሰየመው።

በዚያ ስፍራ ከተቀበላቸው ሁሉ የበለጠ የተናቁት ለምጻሞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው፥ ከገበያ፥ ከውኃ መቅጃም ሳይቀር በገዛ ዘመዶቻቸው ይባረሩ ነበር፤ መልካቸው ከመጥፋቱ የተነሣ ስማቸውን ካልተናገሩ በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። በገዛ አገር ስደተኛ መሆን ማለት ይህ ነው። ባስልዮስ ግን ከሩቅ ምጽዋት ወርውሮ አላለፈም፤ ቀርቦ እንደ ወንድሞች አቅፎ ሳማቸው። ከታላቅ ቤት የተወለደው ሊቀ ጳጳሳት ሌላው የሚሸሸውን ፊት ሲስም ያየ ሕዝብ፥ ከዚያ በኋላ በእነዚያ ሰዎች ላይ ድንጋይ ማንሣት እንዴት ይቻለዋል?

እንዲህ ያለው ሥራ ያለ ተቃውሞ አልተፈጸመም። አንዳንዶች ሊቀ ጳጳሳቱ የመንግሥቱን ጥቅም ይጎዳል ብለው ለአገረ ገዢው ለኤልያስ ነገር አቀረቡ። ባስልዮስም ለዚሁ አገረ ገዢ በጻፈው ደብዳቤ ለመንገደኛና ለሕመምተኛ ማረፊያ በመሥራቱ ማን እንደ ተበደለ በትሕትናና በድፍረት ጠየቀ፤ ይህ ሥራ ለከተማይቱ ጌጥ፥ ለገዢውም ክብር መሆኑን አስረዳ። ከዚህ የምንማረው አለ። ለስደተኛ የሚደረግ በጎ ሥራ በባለሥልጣን ዘንድ ሲታማ፥ ቅዱሱ በቍጣ ሥራውን አልተወም፥ በፍርሃትም አልሸሸገውም፤ የሠራውን በግልጽ ቈጥሮ አሳየ እንጂ።

ከዚህ የሚበልጥ ፈተና ደግሞ መጣ። ንጉሡ ዋሌንስ የአርዮስን ትምህርት ደግፎ ኦርቶዶክሳውያን ጳጳሳትን ከመንበራቸው እያሳደደ ነበር። ሹሙ ሞደስጦስ ባስልዮስን አስጠርቶ ንብረቱን እንደሚወርስ፥ ከአገር እንደሚያሳድደው፥ እንደሚያሠቃየውና እንደሚገድለው ዛተበት። ቅዱሱ ግን ካረጀ ልብሱና ከጥቂት መጻሕፍቱ በቀር የሚወረስ ሀብት እንደሌለው፥ ደካማ ሥጋውም ከመጀመሪያው መከራ በላይ እንደማይቈይ፥ ሞትም ወደ እግዚአብሔር ፈጥኖ እንደሚያደርሰው ነገረው። ስለ ስደት ሲመልስ ግን ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ስለሆነች፥ እርሱም በእርስዋ ላይ እንግዳና መጻተኛ ስለሆነ፥ ማንም ከአገሩ ሊያሳድደው እንደማይችል አስረዳ። እኛም በዚህ ቃል የሥራውን ሁሉ ምሥጢር እናያለን። ራሱን በዚህ ዓለም የቤት ባለቤት አድርጎ የሚቈጥር ሰው እንግዳ ሲመጣበት የተቀማ ይመስለዋል፤ ራሱን እንግዳ አድርጎ የሚቈጥር ግን ሌላውን እንግዳ እንደ መንገድ ጓደኛ ይቀበለዋል። በ372 ዓ.ም. በጥምቀት በዓል ንጉሡ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የቅዱሱን ጸሎትና የሕዝቡን ሥርዓት ባየ ጊዜ ልቡ ደነገጠ፤ ሊያሳድደው መጥቶ ሳለ በእርሱ እጅ ላሉ ድኾችና ሕሙማን የሚሆን መሬት ሰጠ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት አንድ የዳኛ ረዳት በግድ ሊያገባት ስለ ፈለገ ሸሽታ በመሠዊያው አጠገብ ተጠጋች። ባስልዮስም እርስዋን አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ በሹሙ ፊት ቀርቦ መከሰስን፥ መዋረድንም መረጠ። የከተማው ሕዝብ ይህን በሰማ ጊዜ መሣሪያውን ይዞ ተነሣ፤ ሹሙንም ሊገድለው ቀረበ። ያን ጊዜ ባስልዮስ ሕዝቡን ገሥጾ አሳዳጁን ከሞት አዳነው። በአንድ ነገር ሁለት ስደተኛ ተቀበለ እንላለን፤ አስቀድሞ ተገፊዋን ከገፊው፥ በኋላም ገፊውን ከሕዝቡ ቍጣ።

በዚያው ወራት መንግሥቱ ቀጰዶቅያን ለሁለት ስለ ከፈለ፥ የቂሣርያ ብዙ ሹማምንትና መኳንንት ቤታቸውን ትተው ጳዳንዶስ ወደምትባል ምስኪን ስፍራ እንዲዛወሩ ተገደዱ። ባስልዮስ ለታላላቅ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፈ የተበተነውን ሕዝብ መከራ አሰማ፤ ስለ ከተማይቱም ባዶ መሆን አለቀሰ። እነዚህ ተሰዳጆች ድኾች አልነበሩም፤ እርሱ ግን ሀብት የነበረው ሰው አገሩን ሲያጣ አይጨነቅም ብሎ አላሰበም። ወደ ሮም በጻፈውም ደብዳቤ፥ በቀድሞ ዘመን ቂሣርያ በጠላት ስትወረር የሮም ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ምርኮኞቹን የሚቤዡ ሰዎች መላኩን በምስጋና አስታወሰ። ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገውን ውለታ ያልረሳች ቤተ ክርስቲያን፥ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ለሌላው በርዋን ከፈተች።

ቅዱስ ባስልዮስ በሕመም የደከመ ሥጋውን ለሥራ ሲያተጋ ኖሮ በጥር 1 ቀን 379 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመቱ ገደማ ዐረፈ፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ጥር 6 ቀን የሚውለው ነው። ለሌላው ከተማ ሠርቶ ለራሱ አንድ ቀሚስና አንድ መደረቢያ ብቻ ነበረው፤ ምግቡም እንጀራና ጨው ነበር። በቀብሩ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ በግፊያው የሞቱ ነበሩ። ከክርስቲያኖች ጋር አይሁድም አረማውያንም እንግዶችም አብረው አለቀሱ። ለቀኖና ሃይማኖት አንዲት ቃል አሳልፎ ያልሰጠው ይህ አባት በሃይማኖት በማይመስሉት ሰዎች እንባ ተሸኘ። በሃይማኖት መጽናትና ለሁሉ መራራት የማይጣሉ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አንፈልግም። የሠራውም ቤት ከእርሱ ጋር አልሞተም፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ ሶዞሜኖስ ገና በስሙ ሲጠራ እንደ ነበረ መስክሯል።

ወዳጆቻችን ሆይ፥ ይህን ታሪክ የጻፍነው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ በዚህ ሕይወት ተመልሶልናል። በሠላሳኛው ቀን በሩ የሚዘጋው ርኅራኄ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሰው ጓዳ ስለሚያልቅ ነው። ባስልዮስ የአንዱን ጓዳ የብዙዎች ጎተራ አደረገው፤ ለአንድ ቀን የሚፈልቀውን ርኅራኄ ሥርዓት፥ ሹም፥ ሐኪምና የእጅ ሥራ ያለው የዘወትር አገልግሎት አደረገው። ስለዚህ በየአጥቢያው ያለን ካህናትና ምእመናን ስደተኛ ከመምጣቱ በፊት እንመካከር፤ ማን እህል እንደሚያዋጣ፥ ማን በሽተኛውን እንደሚያስታምም፥ ማን ልጆቹን እንደሚያስተምር፥ ማንስ ሥራ እንደሚፈልግላቸው አስቀድመን እንወስን። የመጣውንም ሰው ወገንህ ማን ነው ከማለታችን በፊት ከበላህ ስንት ቀን ሆነህ ብለን እንጠይቀው። የገዛ ልጆቻችንም በሰው አገር በሰው ደጅ ቆመው እንደሚገኙ አንርሳ፤ ለእነርሱ እንዲከፈት የምንለምነውን በር በእጃችን ባለው በር እንጀምረው።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንደ ነበረ ሲነግረን፥ አላየንህም ብለን ከማፈር ያድነን። የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።